እናት ወይም አባት ለሞተበት ልጅ፦ ከመርዶው ሰዓት እስከ ሁለተኛው ዓመት የሚደረገው ሁሉ

የእኛ ለቅሶ አዋቂን የሚደግፍ ትልቅ ሥርዓት ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ወጥ ሠርቶ ያመጣል፣ ዘመድ ፍራሽ ላይ አብሮ ያድራል፣ ሐዘንተኛው የሟችን ስም እየጠራ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። ልጁ ግን በዚያው ሰዓት ብዙ ጊዜ ጎረቤት ቤት ነው። እንዳይደነግጥ ተብሎ ቴሌቪዥን ተከፍቶለት ተቀምጧል። በመስኮት የእናቱን ጩኸት ይሰማል፣ የሰው ግርግር ያያል፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም።

ይህ መመሪያ ለቀረው ወላጅ፣ ለአያት፣ ለአክስትና ለአጎት፣ ልጁን ለሚያሳድገው ሰው ሁሉ የተጻፈ ነው። መነሻው አንድ ነው፦ ልጁን ከሐዘኑ አታስወጡት። እውነቱን የገዛ ሰዉ ባልተሸፋፈነ ቃል ይንገረው፤ ከዚያም ከእናንተ ጋር ያልቅስ። የሚያስፈልገው ሥርዓት በእጃችን ነው፤ ልጁን ወደ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው የቀረን።

1. መርዶውን ማን፣ የትና መቼ ይንገረው?

ለአዋቂ መርዶ ሲነገር ወግ አለው። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና በማለዳ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰባስበው ይሄዳሉ። ለልጅ የሚጠቅመው የዚህ ወግ ክፍል ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ መደረጉ ነው። የሚጎዳው ደግሞ በድንገት የሚያጥለቀልቀው ሰውና ጩኸት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን አስቀሩ፣ ሁለተኛውን ለጥቂት ደቂቃ አዘግዩት።

ቢቻል የሚናገረው የቀረው ወላጅ ይሁን። እናትየው ወይም አባትየው ራሳቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ልጁ ማታ ማታ የሚያቅፈውና የሚያምነው ሰው ይንገረው፤ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት ሊሆን ይችላል። በቤተሰቡ ውስጥ የተከበሩ ቢሆኑም ልጁ በዓመት አንዴ የሚያያቸው ጋሼ እገሌ ለዚህ አይሆኑም። የምትነግሩት እናንተ እያለቀሳችሁ ብትናገሩ ምንም አይደለም። ልጁ እንባችሁን አይቶ እሱም ማልቀስ እንደሚችል ይረዳል።

ሳይውል ሳያድር ንገሩት። የምታዘገዩት ሰዎቹን ለማሰባሰብና ቃሉን ለማዘጋጀት የሚበቃ ሰዓት ብቻ ነው። ድንኳኑ ሳይተከል፣ ጎረቤት ሳይጮኽ፣ የሰፈር ልጅ መንገድ ላይ "አባትህ ሞቷል አሉ" ሳይለው ይቅደም። ቦታው ቤቱ ይሁን፤ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ዓይናችሁ ከዓይኑ ጋር እኩል ሆኖ። ትምህርት ቤት ከሆነ ሄዳችሁ አምጡት እንጂ በዳይሬክተሩ ቢሮ አትንገሩት፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቢሮ ባየ ቁጥር የሚያስበው ያንን ቀን ነው።

ወንድምና እኅት ካሉት አንድ ላይ ንገሯቸው። አንዱ አውቆ ሌላው ሳያውቅ እንዲውል፣ ትልቋም ምስጢሩን እንድትሸከም አታድርጉ። በኋላ ግን እያንዳንዱን ለየብቻ አናግሩ፤ የአምስት ዓመቱና የአሥራ አራት ዓመቷ ጥያቄ አንድ አይደለም።

ስልክ ላላቸው ልጆች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ዘመድ "ነፍስ ይማር" ብሎ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ ይቸኩላል፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች ልጅ የአባቷን ሞት ከአጎቷ ገጽ ልታነብ ትችላለች። ልጆቹ እስኪነገራቸው ድረስ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ የሚያስጠነቅቅ አንድ ሰው መድቡ።

2. "ሞተ" በሉ

እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"የኔ ልጅ፣ በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርህ ነው። አባዬ ታሞ ሆስፒታል እንደነበረ ታውቃለህ። ሐኪሞቹ ብዙ ሞከሩ፤ ግን ሕመሙ በጣም ከባድ ስለነበረ ሊያድኑት አልቻሉም። ዛሬ ጠዋት አባዬ ሞተ።"

ከዚያ ዝም በሉ። ልጁ ቢጮኽ፣ ድርቅ ብሎ ቢቀር፣ ወይም "እሺ፣ አሁን ኳስ ልጫወት?" ቢል ሁሉም ያጋጥማል። ልጅ ሐዘንን እንደ አዋቂ ቀኑን ሙሉ አይሸከምም። ጥቂት ያዝናል፣ ይጫወታል፣ ደግሞ ይመለሳል። ስለተጫወተ "ምንም አልገባውም" ወይም "ጨካኝ ነው" የሚል ሰው ካለ ዝም አሰኙልኝ።

ለትንሽ ልጅ ሞት ምን እንደሆነ በሰውነት አስረዱት። "ሞተ ማለት ሰውነቱ መሥራት አቆመ ማለት ነው። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ አይበርደውም። ተመልሶ አይመጣም።" አይበርደውም የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ክረምት ሲገባ፣ ሌሊት ዝናብ ጣራውን ሲመታ፣ ብዙ ልጆች መቃብር ውስጥ ያለችውን እናታቸውን ያስባሉ። "እማዬ አትበሰብስም?" የሚል ጥያቄ በሐምሌ ከመጣ መልሱ ያው ነው፦ ሰውነቷ አሁን ብርድ አይሰማውም፣ ዝናብም አይሰማውም።

አሁን በደግነት ስለምንላቸው፣ ልጅን ግን ስለሚጎዱ አባባሎች ልናገር።

"ተኝቷል።" ልጁ መተኛት ይፈራል፤ እናንተም ስትተኙ ይቀሰቅሳችኋል።

"ውጭ ሀገር ሄዳለች።" ይኼኛው በእኛ ዘንድ ከሁሉ የከፋ ነው። ምክንያቱም በእኛ ሀገር እናት በእውነት ቤይሩት ትሄዳለች፣ ሪያድ ትሄዳለች፣ ትደውላለች፣ ገንዘብ ትልካለች፣ ከዓመታት በኋላ ሻንጣ ይዛ ትመለሳለች። የጎረቤቱን ልጅ እናት ስትመለስ አይቷል። ስለዚህ ያምናችኋል፣ ይጠብቃል፤ ስልክ ሳትደውልለት ስትቀር ደግሞ የሚደርስበት መደምደሚያ "እኔን አትወደኝም" የሚል ነው። ከሞት ሐዘን በላይ የመተውን ቁስል ጨመርንበት ማለት ነው።

"እግዚአብሔር ስለወደዳት ወሰዳት"፣ "ሞት ደግ ደጉን ነው የሚወስደው።" ልጁ ደግ መሆን ይፈራል፤ ወይም በእግዚአብሔር ይቀየማል። እምነታችሁን አትደብቁት፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ። መጀመሪያ የሰውነቱ ነገር፣ የሞቱ ምክንያትም ከነስሙ ይነገረው፦ "ልቧ በጣም ታሞ ነበር"፣ "መኪና ገጭቷት ሰውነቷ ተጎዳ"። ከዚያ ነው የነፍስ ነገር፦ "ነፍሷ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳለች እናምናለን"፣ "አላህ እንዲምራት ዱዓ እናደርጋለን"። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልጁ ሰማይ ቤትን እንደ አንድ ከተማ ቆጥሮ "መቼ ነው የምንሄደው?" ማለት ይጀምራል።

3. በየዕድሜው የሚገባውን ማወቅ

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሞትን አያውቅም፤ የጠፋችውን ሽታ፣ ድምፅና እቅፍ ግን ያውቃል። ለእርሱ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፦ የሚይዘው ሰው አይለዋወጥ። አንድ ሰው ያጥበው፣ ያብላው፣ ያስተኛው። የእናቱን ነጠላ ሳታጥቡ አጠገቡ አድርጉለት።

ከሦስት እስከ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ሞት የሚመለስ ይመስለዋል። ዛሬ ነግራችሁት ነገ "አባዬ መቼ ይመጣል?" ይላል። አልሰማም ብላችሁ አትቆጡ። በዚያው ቃል፣ በዚያው ረጋ ያለ ድምፅ ድገሙለት፤ ሃያ ጊዜ ከጠየቀ ሃያ ጊዜ።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ አካባቢ ያለው ጥያቄው ያስደነግጣል። ሬሳ ምን ይሆናል? ሳጥኑ ሲዘጋ እንዴት ይተነፍሳል? ትል ይበላታል? ልጁ እየቀለደ ወይም እየጨከነ አይደለም፤ ሊረዳ እየሞከረ ነው። አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡት። የማታውቁትን "አላውቅም፤ አብረን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ" በሉት።

ከአሥር ዓመት በላይ ያለው ሞት የማይመለስ መሆኑንና ለሁሉም የሚደርስ መሆኑን ያውቃል። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ ከጓደኞቹ መለየቱ ያሳፍረዋል፣ ሐዘኑን በቁጣ ያወጣዋል። ጎረምሳው በሩን ዘግቶ ይውላል፣ ልጅቷ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆና ታናናሾቿን ታስተዳድራለች። በተለይ እሷን ተከታተሉ። "እግዜር ይስጣት፣ እንዴት ጠንካራ ናት" እየተባለች ማንም ሳያጽናናት የምትቀረው እሷ ናት።

4. ለቅሶ ቤትና ቀብር

ልጅ ቀብር መሄድ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሚጠበቀውን ነግራችሁት መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ ካልፈለገ አይገደድ። ሳይነገረው መውሰድም፣ እየፈለገ ማስቀረትም ሁለቱም ይጎዱታል። ዓመታት አልፈው "አባቴን አልሸኘሁትም፤ ደብቃችሁኝ ቀበራችሁት" የሚል ቅሬታ ይዘው የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች በሁላችንም ቤተሰብ አሉ።

ከመሄዱ በፊት የሚያየውን አንድ በአንድ ንገሩት። "ብዙ ሰው ጥቁር ለብሶ ይመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይለብሳሉ። አንዳንዶቹ በጣም ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ስላዘኑ ነው፣ ማንም አንተን አይጎዳህም። የአባዬ ሰውነት ሳጥን ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ካህናቱ ፍታት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሳጥኑ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አፈር ይመለስበታል።" አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ልጆችን በጣም ያስደነግጣል፤ ስለዚህ እርሱንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

አንድ ሰው ለልጁ ብቻ መድቡ። ይህ ሰው ሟችን ይወድ የነበረ፣ ነገር ግን በዚያ ቀን ራሱን መግዛት የሚችል ይሁን። ሥራው ሌላ ምንም አይደለም፦ የልጁን እጅ ይይዛል፣ ሲጠይቅ ይመልሳል፣ "ልውጣ" ሲል ይዞት ይወጣል። ውኃና ቆሎ ነገር ኪሱ ይያዝ። የቀረው ወላጅ ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም።

በሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ ቶሎ ይፈጸማል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ ለማስረዳት ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው። በብዙ ቦታ ሴቶች ወደ መቃብር ስለማይሄዱ ልጅቷ ቤት ትቀራለች። ጀናዛው (አስከሬኑ) ከቤት ሳይወጣ እንድትሰናበተው፣ ዱዓ እንድታደርግ፣ የምትፈልገውን እንድትናገር ጊዜ ስጧት። በኋላም ወንድሟ ወይም አጎቷ የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይንገራት። እናት ባሏ ስለሞተ ዒዳ ላይ፣ ማለትም ቤት በምትቀመጥባቸው አራት ወር ከአሥር ቀናትም ለልጆቹ ምክንያቱን አስረዷቸው፤ አለበለዚያ "እማዬ ለምን አትወጣም? እሷም ታማለች?" ብለው ይጨነቃሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ልጁ ትንሽ ሥራ ቢኖረው ይረጋጋል። ፎቶው ፊት ሻማ ማብራት፣ ለሽማግሌዎች ውኃ ማቅረብ፣ ንፍሮ ማዞር። ሲሰለቸው ግን ከልጆች ጋር ወጥቶ ይጫወት። በየለቀስተኛው ፊት ቀርቦ የማስለቀሻ ምልክት እንዲሆን አታድርጉት። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር "ና፣ የሟች ልጅ ይኸውና" እየተባለ የሚጠራ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። አስቁሙት።

5. ለቀስተኛው ምን እንዲል፣ ምን እንዳይል

ለቀስተኛ በቅን ልብ ነው የሚመጣው። ሆኖም አንዳንድ ቃላት ልጅ ላይ ለዘመናት ይቀራሉ። ከሁሉ የምጠላው ለአሥር ዓመት ልጅ "ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" የሚለውን ነው። ልጁ ያምናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማልቀስ ያቆማል፣ የእናቱን ገንዘብ መቁጠር ይጀምራል፣ ሌሊት የውጭውን በር መቆለፉን ይፈትሻል። አባቱን ካጣ በኋላ ልጅነቱንም ወሰድንበት። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እና "እናትሽን አጽናኚ እንጂ አንቺማ አታልቅሺ" የሚሉትም የዚሁ ወገን ናቸው።

"የሙት ልጅ"፣ "ምስኪን" እያሉ ጭንቅላቱን የሚዳብሱም አሉ። ልጁ ስም አለው፤ በስሙ ይጠራ።

ከእድሩ ወይም ከቤተሰቡ አንዲት ደፈር ያለች ሴት ፈልጉና በሩ አካባቢ ትሁን፤ ለልጆቹ እንዲህ እንዲህ አትበሉ ብላ ትንገርልን በሉ። ምን እንበል ለሚሉ ደግሞ ጥሩው ቃል ስለ ሟች አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው፦ "አባትህ እኮ ተማሪ ሳለን ኳስ ሲጫወት ማንም አይዘውም ነበር።" ልጁ ያንን ወስዶ ያስቀምጠዋል።

6. ድንኳኑ ሲነሣ

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሰው ይቀንሳል፤ ቤቱ ጭር ይላል። ለልጁ እውነተኛው ሐዘን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። አሁን የሚያስፈልገው የለመደው ነገር ሳይቀየር መቆየቱ ነው። በተለመደው ሰዓት ይብላ፣ ይተኛ፣ የቤት ሥራውን ይሥራ። ቤት መቀየር፣ ትምህርት ቤት መቀየር፣ ወደ ክፍለ ሀገር መላክ የግድ ካልሆነ ይቆይ።

ሌሊት ከባድ ነው። ከእናንተ ጋር ልተኛ ካለ ለጊዜው ይተኛ። አልጋ ላይ መሽናት፣ ጣት መጥባት፣ እንደ ሕፃን መኮላተፍ፣ ሆዴን አመመኝ ማለት በትንንሾቹ ላይ የሚጠበቅ ነው። አትገሥጹት፣ አታሳፍሩት፤ ፍራሹን ቀይራችሁ ዝም በሉ። በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀላል።

ወደ ትምህርት ቤት ከመመለሱ በፊት ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተነጋገሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለክፍል ልጆች ማን፣ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው፤ ልጁ ሲከፋው ሳያስፈቅድ ወጥቶ የሚቀመጥበት ቦታና የሚያናግረው ሰው፤ እንዲሁም "ነገ ወላጅህን ይዘህ ና"፣ "ለእናታችሁ ካርድ ሥሩ" የመሳሰሉት ነገሮች በጥንቃቄ እንዲባሉ። ውጤቱ ለተወሰነ ጊዜ ሊወርድ ይችላል፤ ሐሳቡ አይሰበሰብለትም። "አባትህ ቢኖር ምን ይል ነበር!" ብሎ መቆጣት ሟቹን ዱላ ማድረግ ነው፤ ይህን አታድርጉ።

7. "በእኔ ምክንያት ነው?"

ይህ ጥያቄ በብዙ ልጆች ውስጥ አለ፣ ከአፋቸው ግን አይወጣም። ትንሽ ልጅ ሐሳቡ ነገር የሚያደርግ ይመስለዋል። ተናድዶ "ሙችልኝ!" ብሏት ነበር፣ ወይም ጩኸቱ አባቱን ያሳመመ መስሎታል፣ ወይም መድኃኒት አምጣ ሲባል ዘግይቶ ነበር። ስለዚህ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፦ "አንዳንድ ልጆች እኔ ባስቸግር ነው የሞተችው ብለው ያስባሉ። እንደዚያ አይደለም። ቁጣ፣ ክፉ ቃል፣ ክፉ ሐሳብ ሰው አይገድልም። አንተ ያደረግኸው ምንም ነገር እማዬን አልገደላትም።" በተለያየ ጊዜ ደጋግሙት።

ሁለተኛው ፍርሃት "አንቺስ ብትሞቺ?" የሚለው ነው። "እኔ በፍጹም አልሞትም" አትበሉ፤ ውሸት መሆኑን አሁን ያውቀዋል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "አሁን ጤነኛ ነኝ፣ ራሴንም እጠብቃለሁ፤ ለብዙ ጊዜ አብሬህ ለመኖር ነው የማስበው። አንድ ነገር ብሆን እንኳ ብቻህን አትቀርም፤ አክስትህ ታሳድግሃለች፣ ተነጋግረናል።" ከዚያም በእውነት ከአክስትየው ጋር ተነጋገሩ።

8. ቀድሞ ውሸት ከተነገረው

ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያነበው "ዱባይ ሄዳለች" ከተባለ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። ልጁም ብዙ ጊዜ ጠርጥሯል፤ ዝም ያለው እናንተን ላለማስከፋት ነው። ማረም ይቻላል፤ ከጎረቤት ሳይሰማ እናንተ ቅደሙ።

የዋሸው ሰው ራሱ ይናገር። "እማዬ ዱባይ ናት ብዬህ ነበር። እውነት አልነበረም። እማዬ ሞታለች። እንዳታዝን ፈርቼ ነው የደበቅሁህ፤ ልነግርህ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።" ሊቆጣ ይችላል፣ ለቀናት ላያናግራችሁ ይችላል። ተቀበሉት። ከዚያ ያመለጠውን ሐዘን ስጡት፦ መቃብሯን አሳዩት፣ ሻማ አብሩ፣ ጸሎት አድርጉ፣ የቅርብ ዘመድ ጠርታችሁ ቡና አፍልታችሁ ስለ እሷ አውሩ። ተዝካሯ ቢያልፍም የእርሱ ለቅሶ ገና አሁን ነው የጀመረው።

እናት በሰው ሀገር ስትሞት አስከሬኑ እስኪመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በሰሜኑ ጦርነት አባታቸው ወጥቶ አስከሬኑ ያልተገኘላቸው ልጆችም አሉ። አስከሬን እስኪመጣ ብላችሁ ልጁን በጥርጣሬ አታቆዩት፤ የምታውቁትን ንገሩት። ሞቱ ካልተረጋገጠ ደግሞ ያልተረጋገጠ መሆኑን ጨምራችሁ ንገሩት። ወላጁ ራሱን አጥፍቶ ከሆነም እውነቱ ይነገር፤ ስለ አሟሟቱ ዝርዝር ግን አይነሣ። "አባዬ አእምሮው በጣም ታሞ ነበር፤ ሕመሙ ሕይወቱን እንዲያጠፋ አደረገው። አንተን ስላልወደደ አይደለም።"

9. ማን ያሳድጋቸው፣ ገንዘቡስ?

ልጆቹን ለዘመድ ማከፋፈል ከሰባተኛው ቀን በኋላ የሚነሣ ሐሳብ ነው፤ አንዱን አጎት፣ አንዷን አክስት። ችግር ቢያስገድድም ወንድምና እኅት እንዳይለያዩ የሚቻለውን ሁሉ አድርጉ፤ የጠፋውን ሰው አብረው የሚያስታውሱት እነርሱ ብቻ ናቸው።

በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (1992 ዓ.ም.) ከወላጆች አንዱ ሲሞት የቀረው ብቻውን የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሆን ያደርጋል። ልጆችም ወራሾች ናቸው፤ ስለዚህ የቤተ ዘመድ ክርክር ቢኖር በልጆቹ ፊት አይሁን። ሟች የጡረታ መዋጮ ይከፈልለት ከነበረ 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የሚከፈል አበል ሊኖር ስለሚችል የማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሟች ሠርቶ ታክስ የከፈለ ከሆነ ሶሻል ሴኩሪቲ ለልጆቹ እስከ 18 ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ላሉት እስከ 19 ዓመት ይከፍላል፤ ለለቅሶው ግርግር ብላችሁ ማመልከቻውን አታዘግዩ።

10. ሟችን ማስታወስ

ፎቶ ከግድግዳ ማውረድ፣ ልብሱን ሁሉ በአንድ ቀን መስጠት፣ ስሙን አለማንሣት፣ እነዚህ ልጁን አያድኑትም፤ ስለ አባቱ ማውራት ነውር እንደሆነ ያስተምሩታል። ልብሱን ከመስጠታችሁ በፊት ልጁ የሚፈልገውን ይምረጥ። ጋቢው ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱ፣ መቁጠሪያው፣ ወይም እናንተ ዋጋ የማትሰጡት አሮጌ ኮፍያ።

የሟችን ስልክ አትሽጡ፣ መስመሩንም ቶሎ አታዘጉ። ቴሌግራም ላይ የተላኩ የድምፅ መልእክቶች፣ ቪዲዮዎች፣ "ትምህርት እንዴት ዋለ?" የምትል አጭር ቅጂ፣ ሁሉንም ሁለት ቦታ ገልብጡ። ልጁ መስማት የሚፈልግበትን ቀን እሱ ይወስናል፤ አሁን አልፈልግም ሊል ይችላል።

አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ፣ በሙስሊሙም ሰደቃው ለልጅ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ቀድማችሁ ንገሩት፣ የሚሠራውም ነገር ስጡት። ከእነርሱ ይልቅ የሚያደናቅፉት ያልታሰበባቸው ቀናት ናቸው፦ የእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ዶሮውን አባቱ ይባርክ የነበረበት ፋሲካ፣ አዲስ ልብስ የሚለበስበት ኢድ፣ የክፍል ውጤት የሚሰጥበት ቀን። በዋዜማው "ነገ እማዬ የለችም፤ እንዴት እናድርገው?" ብላችሁ ጠይቁት። ሀሳብ አለው።

11. የባለሙያ እርዳታ መቼ?

ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች መመደቢያው ለተራዘመ ሐዘን ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ 6 ወር ነው፤ ይህም ናፍቆቱና ሕመሙ ሳይቀንስ ኑሮን ሲያውክ ነው። ልጁ ከዚያ በኋላም መማር፣ መጫወትና ከሰው ጋር መሆን ካቃተው፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ መጠጥ፣ ጫት ወይም ሌላ ሱስ ከጀመረ፣ ወይም ያየውን አደጋ ሌት ተቀን እያየ የሚባንን ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ወደ አእምሮ ሐኪም ያስተላልፉት። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የንስሐ አባት ምክርና ጸበል፣ ወይም የሸኽ ዱዓ ጎን ለጎን ይሂድ፤ ሕክምናውን ግን አያስቀረው።

"እማዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ" የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ናፍቆቱን ነው የሚናገረው። ቢሆንም አታልፉት፤ ቀጥታ ጠይቁት፦ "ናፍቃህ ነው ወይስ መሞት ፈልገህ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ፣ እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበ፣ ወይም ዕቃውን ማደል ከጀመረ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒት፣ ገመድና ፀረ ተባይ ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። አሜሪካ ውስጥ 988 ይደወላል።

12. ሁለተኛው ዓመት፣ እና እናንተ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎቹ ዊልያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን ቦስተን አካባቢ ወላጅ የሞተባቸውን 125 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ከባድ ችግር አላሳዩም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። ወላጅ ካልሞተባቸው ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ችግሩ ጎልቶ የታየው ሁሉም ሰው "ለምዶታል" ባለበት በሁለተኛው ዓመት ነው። የልጁን ሁኔታ ከሁሉ በላይ የወሰነውም የቀረው ወላጅ እንዴት መኖር መቻሉ ነበር።

ስለዚህ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ መከታተላችሁን አታቁሙ። መምህሩን በሁለተኛው ዓመትም ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጁ ሲያድግ ጥያቄው እንደገና ይመጣል፤ በአምስት ዓመቷ "መኪና ገጫት" ብላችሁ የመለሳችሁላት ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ማን እንደነዳ፣ ሾፌሩ ተከሶ እንደነበረ፣ እናቷ ስቃይ ኖሯት እንደሆነ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ ለዕድሜዋ የሚመጥን፣ ሰፋ ያለ እውነት ስጧት።

ለራሳችሁ ደግሞ ከእድርተኛው፣ ከማኅበሩ፣ ከጎረቤት መካከል ሁለት ሰው ምረጡና በግልጽ ጠይቁ። "ብርቱ፣ እኛ አለን" ብለው የሄዱት ሰዎች እርዳታ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። "ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡልኝ"፣ "ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ኳስ ሜዳ ውሰዱት፤ እኔ ልተኛበት" በሏቸው። ቀኑንና ሥራውን ለይታችሁ ስትጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ፤ ልጁም በሳምንት አንድ ቀን የእናንተን ፊት ትንሽ አርፎ ያየዋል።